ውሃ የሚፈራው ጥቁር

ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ለምጃለሁ። ዓይኔ ከደን ሲል፣ እንቅልፍም ንቃትም ባልሆነው ቦታ ላይ፣ አንድ ድምፅ ይመጣል። ፕሪንተር ሲያትም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመላለሰው ያ ሽውታ ነው። በድምፁ ላይ ተንሳፍፌ ዕድሜዬን ወዲያና ወዲህ እሄድበታለሁ፤ አንዴ አቃቂ ፋብሪካው ቢሮ ውስጥ ነኝ፣ አንዴ ቃሊቲ ሱቄ ውስጥ። ልጄ «እማዬ፣ ተኝተሽ ጣቶችሽ ይንቀሳቀሳሉ» ትለኛለች። ታይፕ እየመታሁ ይሆናል፤ ወይም የቀለም መርፌ እየገፋሁ።

ሱቄን የዘጋሁት በቅርቡ ነው። ባዶ የፕሪንተር ካርትሪጅ ተቀብዬ ቀለም እሞላ ነበር፤ ማመልከቻ እጽፍ፣ አትምም ነበር። አሁን የመጡት ፕሪንተሮች ታንክ አላቸው። ቀለሙን ከጠርሙሱ አንቆርቁሮ መክደን ብቻ ነው፤ መርፌ የለ፣ ሶፍት የለ፣ ትንፋሽ መያዝ የለ። ግማሹ ሰው ደግሞ ጉዳዩን በስልኩ ይልካል። ሙያዬ ሞተብኝ ብዬ ደረት አልመታም። ሆኖም የማውቀውንና ያበላሸሁትን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተነሥቻለሁ፤ ያበላሸሁት ይበልጥ ያሳስበኛል።

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ የአስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳሉ። አንድ ቀን እንደጨፈኑ ክፍት መሳቢያ ጉልበታቸውን መታቸውና «ውይ!» አሉ። እኔም አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ የተባልኩትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ «ውይ» የምትለዋን ጨምሬ ለፊርማ አቀረብኩ። ፈረሙበት። ደብዳቤው ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደመወዙን አላነሳውም፤ ቢነሣም የሚቆም ደመወዝ አልነበረም።

እዚያ ነው ጋሽ ዓለሙን ያገኘኋቸው። የፋብሪካው የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ ቤታቸው ሳሪስ አቦ ነው። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ካኪ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በደረት ኪሳቸው አንዲት ቀጭን ብሩሽ ሰክተው ይመጣሉ። ማሽን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። «ከሥራ በኋላማ ማንም ይታጠባል» ይሉ ነበር። ከዚያ ወንበር ስበው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ማሽኑን ዝም ብለው ያዩታል። የመኪናዋን ባለቤት «ምን ሆነች?» ብለው ይጠይቁና እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ ስለ ተጣበቀ ፊደል ጀምራ ስለ እጮኛዋ ስትጨርስ፣ ሰዓቱን ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሲሰሟት አይቻለሁ። በኋላ «ጋሽዬ፣ እጮኛዋ ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣ «ስትናደድ ፊደሉን እንዴት እንደምትመታው አሁን ገባኝ» አሉኝ።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። የጽሕፈት መኪናዎቹ እንደ ሽማግሌ በሬ አንድ በአንድ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተነዱ፤ ጋሽ ዓለሙም ሥራ ፈቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። እሳቸው ግን ቀለሙ አልቆ ቅርጫት ውስጥ የተጣለውን የመጀመሪያ ካርትሪጅ አነሡና እንደ ጥርኝ ቆሎ መዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኑት። «ፀዳለ፣ ይሄ አልሞተም፤ ተርቧል» አሉኝ። ከፋርማሲ መርፌ ገዛን። ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍራቸው ላጥ አደረጉና ቀዳዳዎቹን አሳዩኝ፤ ጥቁሩ አንድ፣ ባለ ቀለሙ ሦስት።

የመጀመሪያው ወር ጉድ ፈላ ነው። የቢሮው ጠረጴዛ፣ የኔ ቀሚስ፣ የሳቸው ካኪ፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። ግን የዚያን ወር ያህል የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መርፌዎቹን ስናጥብ ሰሐኑ ውስጥ ያለው ውሃ መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፤ ቢጫው ይገባበትና የንጋት ሰማይ ይመስላል፤ ሰማያዊው ሲጨመር ቀስ እያለ ይመሻል። እኛ ሁለታችን፣ አንድ ጠጋኝና አንዲት ታይፒስት፣ ሥራ ፈተን ሰሐን ላይ አፍጥጠን እንቆማለን። ያ የቀለም ውሃ አሁንም በሕልሜ ይመጣል፤ በውስጡ ስሄድ አልረጥብም።

ያስተማሩኝን ልዘርዝር ብል መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ዋና ዋናውን ልናገር። ካርትሪጅ ጨርሶ እስኪደርቅ አይጠበቅም። ባዶውን ሲያትም ራሱን ያቃጥላል፤ የተቃጠለን ደግሞ ምንም ቀለም አያስነሣውም። ጽሑፉ መሳሳት ሲጀምር አውጥቶ መሙላት ነው። ኮምፒዩተሩ «ቀለም አልቋል» እያለ ይጨቀጭቃል፤ ይጨቅጭቅ፣ የተሞላን አይቆጥርም። መርፌው በቀስታ ይገፋል፤ ውስጡ ስፖንጅ ስለሆነ ቢያጣድፉት አየር ይይዛል፤ አየር የያዘ ደግሞ መስመር እየዘለለ ያትማል። ሞልቶ እስኪፈስም አይደለም። «ሆዱን ሙላለት እንጂ አታስተፋው» ነው የጋሽ ዓለሙ ቃል። ለየቀለሙ የየራሱ መርፌ። ቢጫ የዋህ ነው፤ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ከነካችው ዕድሜውን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል።

ከዚያ ቀለም የሚወጣበትን አፉን እርጥብ ሶፍት ላይ አሳርፎ ማየት። ሦስቱ ቀለማት ጎን ለጎን ሦስት ቀጥ ያሉ መስመር ከሠሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ከጠፋ አፉ ደርቋል፤ ከጋራዥ የተጣራ የባትሪ ውሃ፣ አሲዱን ሳይሆን ንጹሑን፣ ለብ አድርጎ አፉን ብቻ ጥቂት ደቂቃ ማስነከር ነው። ሳምንት ሙሉ ሥራ የሌለው ፕሪንተር ካለ አንዲት ገጽ ታትሞበት ይዋል፤ ሥራ የፈታ ቀለም ይደርቃል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርትሪጁ መሀል መንገድ ላይ አፉን ከፍቶ ይቀራልና፣ መብራቱ እንደመጣ አብርቶ በቁልፉ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ያኔ ተመልሶ ቦታው ገብቶ ይከደናል። በሞላሁ ቁጥር ጎኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀኑን እጽፋለሁ። እንዲህ የተያዘ ካርትሪጅ አምስቴም ስድስቴም ይነሣል።

ስለ ጥቁር ያስተማሩኝ ግን ለብቻው ነው። ሁለት የጥቁር ጠርሙስ ነበራቸው፤ የአንደኛው አንገት ላይ ክር ታስሯል። «ይሄ ክር ያለው ውሃ አይፈራም። ጥላሸት ነው፣ የደቀቀ። ወረቀቱ ውስጥ ይቀመጣል። ያኛው እንደ ስኳር የሟሟ ነው። ያምራል፣ ያብረቀርቃል፤ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ስኳር ይሄዳል።» ጣታቸውን አንሥተው፣ አልፎ አልፎ በሚያሳዩት የአስተማሪ ፊት፣ «የሰው ጉዳይ ውሃ በሚፈራ ቀለም አይጻፍም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ጋሽ ዓለሙ ከዚያ በፊት ጡረታ ወጥተው ሕይወታቸውም አልፎ ነበር፤ ብሩሻቸውንና መርፌዎቻቸውን ባለቤታቸው ለኔ ሰጡኝ። ቃሊቲ፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየሁ። ከጎኔ የጠያቂዎችን ስልክ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ኪዮስክ ነበር፤ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ሁሉም እዚያ ይሰለፋል። ከሰልፉ ግማሹ ምግብ የያዘ ፌስታል ያንጠለጠሉ እናቶች ናቸው። ስልካቸውን ሰጥተው፣ እኔ ጋ ብቅ ብለው፣ «እትዬ ፀዳለ፣ አንዲት ማመልከቻ…» ይላሉ። ከጭነት መኪናዎቹ አቧራ ጋር የስንቱ ሰው ጭንቀት በበሬ ገብቷል። ስጽፍላቸው የጋሽ ዓለሙን ነገር አስባለሁ፤ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

አስካለም እንዲሁ ነው የመጣችው። ሳሪስ አካባቢ ጎመንና ድንች የምትቸረችር ሴት ናት፤ ከኔ በጥቂት ታንሳለች። ልጇ ደረጀ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ክፉ ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጠብ ተነሣና፣ ለሚ የሚባል ተራ አስከባሪ ወጣት ነፍስ በደረጀ እጅ ጠፋ። ደረጀ ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታስሯል። ከመንግሥት ይቅርታ ለመጠየቅ ከሟች ቤተሰብ ጋር የተደረገ የእርቅ ሰነድ ቢያያዝ ይረዳል ተብላ፣ አስካለ ሽማግሌ ስትልክ ከረመች። የለሚ አባት ኦቦ ገመቹ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያሉ የድሮ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸው መጋዘን ሆኗል፣ አንድ ልጃቸው ደግሞ አፈር ገብቷል። ከብዙ ምልልስ በኋላ እሺ አሉ። አስካለ የሽማግሌዎቹን የእጅ ጽሑፍ ይዛ መጣች።

«ቆንጆ አድርገሽ ጻፊልኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩላት። ጥፋቱም እዚያው ቆንጆው ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ክር ያለው ጥቁር ከገበያ ጠፍቶብኝ ነበር። መርካቶ ሁለቴ ተመላልሼ አጣሁ። የልጆች የፈተና ወረቀት ስለተከመረብኝ አንድ ትርፍ ካርትሪጅ አጥቤ፣ ለጊዜው ብዬ፣ ውሃ የሚፈራውን ሞላሁበት። ፕላስተር ላይ ቀኑን ጻፍኩ፤ የቀለሙን ዓይነት ግን አልጻፍኩም፤ «አልረሳም» ብዬ። ረሳሁ፤ የአስካለን ሰነድ በዚያው አተምኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው ሌላ ሰው ነው። ሰነዱ ሲወጣ ፊደሉ ያብረቀርቅ ነበር። አስካለ «ከማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው» ብላ ሳመችኝ።

ሰነዱን ይዛ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንዝ ተሻግራ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፤ ኦቦ ገመቹ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። ተመልሳ ኮፒ ልታስደርግ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ፣ ከቀሚሷ ሥር፣ ሴት ሁሉ የከበረ ነገር የምታስቀምጥበት ቦታ ሸጉጣ ስትመጣ ድልድዩ ላይ ዝናቡ ወረደባት። ሱቄ ስትደርስ ጠጉሯ፣ ነጠላዋ፣ ሁሉ ነገሯ ይንጠባጠባል። ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

ምንም አልነበረበትም። ፊደሎቹ ሁሉ ሄደው ወረቀቱ ደመና የመሰለ ሐመር ወይን ጠጅ ሆኗል። በእስክርቢቶ የፈረሙት የሽማግሌዎቹ ፊርማ እንዳለ ነበር። ከታች፣ ባዶው ደመና ውስጥ፣ የኦቦ ገመቹ አውራ ጣት ጥርት ብሎ ቆሟል። ይቅርታው ጠፍቶ ጣቱ ቀርቷል። ዳር ዳሩን የወጣውን ወይን ጠጅ ሳይ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

አስካለ ደረቷን በቡጢ መታች። «አንዲት ላስቲክ! አንዲት ላስቲክ ብጠቀልልበት ምን ነበረበት? ጅል! ጅል እናት!»

እኔ «አይዞሽ፣ እንደገና አትምልሻለሁ» አልኳት። ሌላ አልተናገርኩም። የጥቁሩ ጠርሙስ ከክንዴ አጠገብ ቆሞ ነበር።

እንደገና ማተሙ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፣ ቀለሙንም ከአንድ ጓደኛዬ ለምኜ አገኘሁ። ሽማግሌዎቹም ሳያንገራግሩ ፈረሙ። ኦቦ ገመቹ ግን እንቢ አሉ። «ሰማዩ አጠበው» አሉ አሉኝ። «የኔ ልጅ አልፈቀደም። እኔ ማን ነኝና ደግሜ ጣቴን እሰጣለሁ?» ሽማግሌዎቹም በልባቸው ሳያምኑበት አልቀሩም። የዚያ ዙር የይቅርታ ማመልከቻ የሚዘጋው በሳምንቱ ነው። አስካለ ሱቄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ «እግዜርም ከሳቸው ጋር ነው እንግዲህ» አለችኝ፤ አላለቀሰችም።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። እውነቱን ብናገር ያ ሰልፍ ሁሉ፣ ያተምኩለት እናት ሁሉ፣ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቶ ውሃ ሊያስነካ ነው። ስሜ ነበር የያዘኝ፤ አልዋሽም። በአራተኛው ቀን ሰነዱን በሁለቱም ጥቁር አንድ አንድ ቅጂ አትሜ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለማንም ሳልናገር ወንዝ ተሻገርኩ።

የኦቦ ገመቹ ቤት ከመጋዘኑ ግንብ ጥግ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ማንነቴን ነገርኳቸውና ውሃ ለመንኳቸው። የጠማኝ መስሏቸው በጣሳ አመጡልኝ። ሁለቱን ወረቀት አግዳሚው ላይ ዘረጋሁና ውሃውን አፈሰስኩባቸው። አንደኛው ወረቀት ላይ ፊደሎቹ መጀመሪያ አበጡ፤ ከዚያ ተነቃነቁ፤ ከዚያ ተያይዘው፣ ወይን ጠጅ ሆነው፣ በእንጨቱ ስንጥቅ ወደ መሬት ወረዱ። ሁለተኛው እንዳለ ቀረ።

«ሰማይ አይደለም፣ ኦቦ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። የተሳሳተ ቀለም ሞልቼ ነው።»

ሁለቱን ወረቀቶች ተራ በተራ አዩ። ጠብታው ከአግዳሚው ሥር ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማል። የዚያ ቀን እርጥብ ብርሃን እስከ ዛሬ እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ፤ እየነቃሁ እንኳ የምገባበት ሕልም ነው።

«ኢንተላ» አሉኝ መጨረሻ ላይ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሽማግሌ ሲከብህ እሺ ትላለህ። እሺ አልኩ። ሲሄዱ ቤቴ ጠበበኝ። ልጄን ሸጥኩት ወይ? አልኩ። ዝናብ ወረቀቱን አጠበው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ደስ ነው ያለኝ! ለሚ ከሞተ ጀምሮ በሕልሜ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። አሁን መጣ አልኩ። ‹አባዬ፣ አልፈልግም› አለኝ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎኝ፣ አሁን ተናገረኝ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ቀለም ነው ትይኛለሽ።»

እንባዬ መጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«አንቺም?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር አለፈ። «ከዚህ ቤት ሁሉም ይቅርታ ይዞ መሄድ ነው የሚፈልገው። እኔ ይዤ የምቀረውን የሚያመጣልኝ የለም።» ከዚያ ያልታጠበውን ወረቀት በጣታቸው ነክተው፣ «አንብቢልኝ። ያኔ ማንም አላነበበልኝም» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «ሟች» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «ሟች ማነው?»

«ልጅዎ ነው።»

«ስም አለው።»

ወረቀቱ ላይ አሥራ አንድ ቦታ «ሟች» ተብሎ ነበር። ሱቄ ተመልሼ አንድ በአንድ አነሣሁና «ለሚ ገመቹ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ወሰድኩላቸው፤ «አስቀምጪው» ብቻ አሉኝ። ዙሩ አለፈ። አስካለ በዚያ ሳምንት ምግቡን ይዛ ለልጇ ስትገባ፣ «በሚቀጥለው ዙር ነው በይው» ብዬ መከርኳት፤ እንዲህ እያልኩ እመክራት ነበር! በአሥረኛው ቀን ኦቦ ገመቹ ሽማግሌዎቹን ራሳቸው አስጠሩ። እኔም ተገኘሁ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ተጫኑ፤ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉት ሰው ግንባር ላይ እጅ እንደሚያሳርፍ ቀስ አድርገው ነው፤ ለማንሣትም አልቸኮሉም። ያ የመጀመሪያው ጣት የሽማግሌዎቹ ነበር፤ ይኼኛው የሳቸው ነው።

ልሄድ ስል ጠሩኝ። «የቀለሙን ነገር ለማንም አትናገሪ። ሰው ዝናብ ነው ይበል። ሰማይ አጥቦበት ገመቹ ደግሞ ይቅር አለ ይበሉ። ለለሚ ይሄ ይሻለዋል።» ቃል ገባሁላቸው። ቃሉን ስገባ ግን ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደ ያህል ነው የቀለለኝ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ቀጣዩ ዙር ስምንት ወር ፈጀ። ደረጀ ተፈታ። እሱና እናቱ ኦቦ ገመቹ እግር ላይ ሊወድቁ ሄዱ፤ ኦቦ ገመቹም ብድግ አድርገው አስቀመጧቸው አሉ። አስካለ ከዚያ ወዲህ ጎመን ሳታመጣልኝ የቀረችበት ቅዳሜ የለም። ስታመሰግነኝ አንገቴን እደፋለሁ፤ እሷ ትሕትና ይመስላታል። ኦቦ ገመቹ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ደረጀ እንደ ልጅ ቆሞ አለቀሰ፤ አልቃሹ ሁሉ «ሰማይ አጥቦበት እንኳ ደግሞ ይቅር ያለ ሰው» እያለ ነው የሸኛቸው። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ነቅዟል።

ሱቁን የለቀቅኩ ቀን አስካለ ልታግዘኝ መጣች። እኔ ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ፣ እሷ ትጠርጋለች። እንደዚያ እያለን ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። መጥረጊያውን አቁማ አዳመጠችና ደረቷ ውስጥ እጇን ሰዳ የታጠፈች ላስቲክ አውጥታ አሳየችኝ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ይችን ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም» አለችኝ እየሣቀች። «ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ይዣት ነው። ልጄን ስምንት ወር የጨመርኩበት እኔ ነኝ እኮ፣ እትዬ። በላስቲክ እጦት!» ላስቲኳን መልሳ ሸጎጠቻት።

ጠርሙሱን አስቀመጥኩ። ነገርኳት። ሁለቱን ጥቁር፣ መርካቶ ያጣሁትን፣ ወንዝ ማዶ የሄድኩትን፣ ኦቦ ገመቹ ያስገቡኝን ቃል፣ አንድም ሳላስቀር። ሳወራ ፊቷን አላየሁም፤ እጇን ነበር የማየው፤ መጥረጊያውን እንደያዘ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በመጨረሻ።

«እሳቸው አትናገሪ ስላሉኝ ነው።»

 ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ጎመኑን ስትመዝን የምትናገርበት ድምፅ ነው።

«እሳቸው እኮ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ደረቷ ውስጥ እጇን ሰዳ ላስቲኩን አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፤ ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ ሄደች።